ሀረገወይን የሠራችው ለቅሶ

ሀረገወይን ተሰማን ልደታ ውስጥ የማያውቃት አልነበረም፤ ምን እንደምትሠራ አስረዳ ቢባል ግን አፉን ሞልቶ የሚናገር አይገኝም። ግማሹ ራዲዮ ጠጋኝ ናት ይላል። ግማሹ የስልክ ሠራተኛ ናት ይላል። የቀረው ደግሞ «ልጅቷስ ጥሩ ነበረች፤ ሽቦ ነው ያበላሻት» ብሎ ከንፈሩን ይመጥላታል። እሷ ማንንም ለማስረዳት ደክማ አታውቅም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ይህንንም ቢሆን ለማንም አስረድታ አታውቅም።

እውነቱ ይኸውላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ አገናኝ ነበረች። በዚያን ጊዜ ማገናኘት ማለት በእጅ ነው። ከፊቷ ስልሳ ቀዳዳ ያለው ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ የደወለው ሰው የሚፈልገውን ክፍል ሲነግራት ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ትሰካለታለች። አሥር ዓመት ስትሰካና ስትነቅል ኖረች። በ1964 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያገናኝ አዲስ ስልክ አስገባና እሷን መዝገብ ቤት አዛወሯት፤ ሰሌዳውን ደግሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ወረወሩት። ሀረገወይን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ «ወይ እኔንም አብራችሁ ወርውሩኝ፣ ወይ እሱን ስጡኝ» አለች። ሰውየው ሳቀና ሰጣት። ሰሌዳውን በጋሪ አስጭና ስትመጣ እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት በር ላይ ቆመው ጠበቋት። «ጎረቤት ሁሉ ባል ያገኘሽ መስሎት ወጥቶ እያየ ነው» አሉ፣ «ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የአንድ በሽተኛ ራዲዮ ጥፋት ነው። አብነት ሰፈር ራዲዮ የሚጠግነው መሐሙድ ብየዳ አስተምሯት ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ትውላለች። አንድ ቀን ጣቢያ አልይዝ ያለ ራዲዮ መጣ። ከማፏጨት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ፉጨቱ ይቀጥናል፣ መልሰው ሲያዞሩት ይወፍራል።

«ይሄ በሽታ ነው» አለ መሐሙድ።

«ይሄ ድምፅ ነው» አለች እሷ።

የሚያፏጨውን ክፍል አውጥታ ሰሌዳው ጀርባ ላይ በየደችው፤ ስሙንም ጯሂው አለችው። ቀጥሎ በጣም ቀርፋፋ የሆነ ሌላ ሠራች። እሱ ለብቻው አይሰማም፤ በገመድ ከጯሂው ጋር ሲያገናኙት ግን ጯሂውን ያንቀጠቅጠዋል። ይሄን አንቀጥቃጩ አለችው። የድምፁን ሻካራ አጣርቶ ለስላሳውን የሚያሳልፈው ወንፊቱ ተባለ። ድምፁ ቀስ ብሎ ይግባ ወይስ ዘሎ ይግባ፣ ሲወጣስ ይጎተት ወይስ ይቆረጥ፣ ይህን የሚወስነው በረኛው ነው። ሁሉም ከስልሳው ቀዳዳዎች ጀርባ ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊት ደግሞ እነዚያው የድሮ ገመዶች ተንጠልጥለዋል። ገመዶቹ በተሰካኩ ቁጥር ሌላ ድምፅ ይወለዳል፤ ከተነቀሉ ደግሞ ድምፁ የለም፣ ጠፋ። ስለዚህ ደብተር ያዘች። «ከ12 ወደ 31፣ ከ31 ወደ 7፣ ወንፊቱ ሩብ፣ በረኛው ዝግተኛ» ብላ ትጽፍና ከላዩ የድምፁን ስም ታኖራለች፦ የአውቶቡስ በር፣ ቁራ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲንተሳይዘር እንደሚሉት የሰማችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስሙን ሳታውቅ ሠርታዋለች፤ እኔ ብሆን ይህን በግንባሬ ላይ አስጽፌ እዞር ነበር።

ይሄ ለምን ይጠቅማል ብሎ የማይጠይቃት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወንድሟ ፍሰሐ። በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠዋለች። ኮሌጅ ገብቶም ቢሆን እንደ ሕፃን ነው የሚያዛት። «እታለም፣ የሒሳብ አስተማሪያችን የሚያነጥሰውን ሥሪልኝ» ይላታል። አራት ቀን ለፍታ ሠራችለት። ፍሰሐ በሳቅ ከወንበሩ ወድቆ ክርኑን ተላጠ።

በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ የቀበሌው ጥበቃዎች ከቤት ወሰዱት። ምን አደረገ ተብሎ አይጠየቅም፤ የጠየቀ ራሱ ይጠየቃል። ወይዘሮ ወለተሰንበት በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የምሳ ዕቃ ይዘው ወደ እስር ቤቱ ይሄዳሉ፤ ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። ባዶ ዕቃ ማለት በልቷል ማለት ነው፤ በልቷል ማለት አለ ማለት ነው። የካቲት ሊያልቅ ሲል ዘበኛው ምግቡን ከነትኩሳቱ መለሰላቸው። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» አለ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቃል የሰማች እናት ሁሉ ትርጉሙን ታውቀዋለች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጓድ አምሳሉ መጣ። አምሳሉ የቀበሌው ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ሁለት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤት ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ ደሚቱና ወይዘሮ ወለተሰንበት ሃያ ዓመት በአንድ እድር ኖረዋል። አሁን ግን ሽጉጥ ታጥቆ ቤት ሳይገባ በር ላይ ቆመ።

«እዚህ ቤት ለቅሶ እንዳይሰማ» አለ።

«ለማን?» አለች ሀረገወይን።

«ለማንም።»

«ማን ሞቶ ነው የማናለቅሰው?»

«ያለቀሰ ሰው ይታሰራል፣ ቤቱም ይታሸጋል። ጎረቤት ስለሆንኩ ነው መጥቼ የምነግራችሁ» አለና ሄደ። ውለታ የዋለ መስሎታል መሰለኝ።

በአገራችን ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚደረግ የታወቀ ነው። የሚታመን ሰው መጥቶ መርዶ ያረዳል፤ ቤተሰቡ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ እየሮጠ ይመጣል፤ የእድር ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል። ለፍሰሐ ይህ ሁሉ ቀረ። ሞቷል ብሎ በግልጽ የነገራቸው እንኳ የለም። ወይዘሮ ወለተሰንበት በር አጠገብ ካለችው ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ዓይናቸው ደርቆ ተቀመጡ፤ ተቀመጡና ቀሩ። ንግግር ተዉ። ጉርሻ አልወርድላቸው አለ፤ ውኃ እንኳ ሲጠጡ ጉሮሯቸውን ይዘው ነው። በወጣትነታቸው በአገራቸው ለቅሶ ቤት ሲኖር ከሩቅ ተፈልገው የሚጠሩ አልቃሽ ነበሩ፤ ለስንቱ የሰው ልጅ አልቅሰዋል። በአምስተኛው ቀን አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦

«እኔስ ይሁን። ልጄ እንደ ውሻ ሳይለቀስለት ቀረ።»

ሀረገወይን እናቷን አየቻቸው። አንገታቸው ቀጥኗል፤ የእጃቸው አጥንት ወጥቷል። ወንድሟን ወስደውባታል፤ አሁን ደግሞ እናቷን እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ያለ ጥይት፣ እየገደሉባት ነው። እንዲያ የተናደደችበት ቀን በሕይወቷ የለም። ንዴቷ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አያስጮኻትም፤ ያሳስባታል። አምሳሉ ያለውን ቃል በቃል መልሳ አስታወሰችው፦ ያለቀሰ ሰው ይታሰራል። ሰው ነው ያለው። ስለ ሰሌዳ ያለው ነገር የለም።

በማግስቱ አብነት ወርዳ መሐሙድን ሽቦ፣ አቅም ያለው ማጉያና የሱቁን ትልቁን ድምፅ ማውጫ ጠየቀችው። መሐሙድ ዕቃውን በጆንያ ጠቅልሎ ሰጣት። «የጎደለሽን ንገሪኝ» አለ፣ «ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪኝ።»

ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ ሰሌዳው ፊት ትቀመጣለች። ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የድሮዋን የስልክ አገናኝ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ ቤቱ ጭጭ ያለ ነው፤ ከውጭ የሚያይ ሰው አንዲት ሴት ባዶ እንጨት ላይ ገመድ ስትሰካ ብቻ ነው የሚያየው። ከሳምንት በኋላ የሠራችውን ድምፅ እናቷ እንዲሰሙት ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ ደፋችላቸው። ምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ወይዘሮ ወለተሰንበት ጥቂት አዳመጡና አወለቁት።

«የእሳት አደጋ መኪና ነው» አሉ።

ሀረገወይን ደስ አላት። ስንቁ ከተመለሰ ወዲህ እናቷ ሲናገሩ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። ገመዱን ሁሉ ነቅላ እንደገና ጀመረች። የፉጨቱን ቁመት ዝቅ አደረገች፤ አንቀጥቃጩን አለዘበች፤ በረኛው ድምፁን ቀስ ብሎ እንዲያስገባ አደረገች። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና አስደመጠቻቸው። አሁን ረዘም አድርገው ሰሙ።

«ለቅሶ ልትሠሪ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ እማዬ።»

«ይሄ ለቅሶ አይደለም። ይሄ የሚዘፍን ሰው ነው፤ ራሱን እየሰማ የሚዘፍን። ያዘነ ሰው እንዲህ አያምርለትም።»

ተናደዱባት። በእሷ ላይ መናደዳቸው እንኳ ጤና ነው። ዱካቸውን ከበር ላይ አንስተው ሰሌዳው አጠገብ አኖሩና ማዳመጫውን እንደደፉ ተቀመጡ። «ጫፉ ላይ ይሰበር» አሉ። ሀረገወይን በረኛውን ቶሎ እንዲዘጋ አደረገችው። «እንደሱ አይደለም፤ እንጨት አይደለም የሚሰበረው። ወድቆ፣ ወድቆ፣ መጨረሻው ላይ ይጠፋዋል።» ስለዚህ አንድ ሌላ ቀርፋፋ ክፍል ሠርታ ፉጨቱ እየወረደ እንዲያልቅ ከጯሂው ጋር አገናኘችው። «ትንፋሽ የለውም» አሉ በሌላው ቀን። «የሚያለቅስ ሰው መሐል ላይ ይታፈናል። ያ ነው ጎረቤትን የሚያስነሣው፤ ጩኸቱ አይደለም።»

ትንፋሽ ከየት ይመጣል? ይህ ሀረገወይንን ሦስት ቀን አዞራት። ያገኘችው መዝገብ ቤት ፋይል ስትደረድር ነው። ራዲዮ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ሲዛወር መሐል ላይ የሚያሰማው ሽሽሽታ አለ፤ ሰው ሁሉ የሚጠላውና ቶሎ የሚያልፈው። እሱን ወስዳ በወንፊቱ ስታሳልፈው ትንፋሽ ሆነ። መቼ መግባት እንዳለበት ግን አታውቅም። እናቷ እጃቸውን በእጇ አንጓ ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲጫኗት ትንፋሹን ታስገባለች፤ ሲለቋት ትመልሳለች። እንዲህ ሆነው አንድ ሙሉ ከሰዓት ተቀመጡ። ወይዘሮ ወለተሰንበት አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሱም፤ ጉሮሯቸው ላይ የቆመውን ግን በጣታቸው እየተጫኑ ወደ ሰሌዳው አሳለፉት። ያን ዕለት ራታቸውን በሉ። ጥቂት ነው፤ ቢሆንም በሉ።

ስንቅ ከተመለሰ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን እናቷ ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ይሄ ነው» አሉ። «አትንኪው።»

ሀረገወይን ቁጥሮቹን ደብተሯ ላይ ገለበጠች። ከላዩ ስም ለመጻፍ እስክሪብቶውን አነሣች፤ ሳትጽፍ መልሳ አስቀመጠችው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ለዚህ ሥራዋ አራት ወር ታስራለች፤ ሰሌዳዋንም በመጥረቢያ ይፈልጡታል። በኋላ በመታሰሯ የሚያዝንላት ሲመጣ «ለማኝ አስመሰላችሁኝ እኮ፤ እኔ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ» ትላለች። እና እናንተም ስለ እስሯ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው።

አርባው እሑድ ዋለ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ከደጁ ሲቀመጥ፣ ሀረገወይን የመሐሙድን ድምፅ ማውጫ መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችው። እናቷን ዱካቸው ላይ አስቀምጣ ፊታቸው ተንበረከከች።

«እማዬ፣ የሚመጣው ቢመጣ እንዳታለቅሺ። ዓይንሽ ደረቅ ይሁን። የሚያለቅሰው እሱ ነው።»

«እኔ ማልቀስ የማልችል ሆኛለሁ» አሉ እናቷ። እውነታቸውን ነበር፤ ሀረገወይንን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ገመዱን ሰካችው።

ድምፁ ከመስኮቱ ወጥቶ በቆርቆሮው ጣሪያዎች ላይ ሄደ። የሴት ድምፅ ነው ለማለት አይቻልም፤ የወንድም አይደለም፤ ግን ለቅሶ ነው። ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይወድቃል፣ መጨረሻው ይጠፋዋል፤ ከዚያ ያ መታፈኑ አለ። በመጀመሪያ ትይዩ ካለው ቤት እንዳለች የምትባል ጎረቤት ወጣች። ከቤቷ የወጣችው አስባ አይደለም፤ ለቅሶ ሲሰማ እግር ቀድሞ ይሄዳል፤ ነጠላዋን መንገድ ላይ እየዘቀዘቀች ነው የመጣችው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ክልከላው ትዝ አላትና ቆመች። እንዳለችም ስንቁ የተመለሰበት ልጅ አላት። ትንሽ ቆማ ወደ ኋላዋ አየችና መምጣቷን ቀጠለች። ከእሷ በኋላ ሌላዋ፣ ከዚያ ሦስት አራቱ አብረው መጡ። ግቢው ሞላ። ማንም አላለቀሰም፤ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀመጡና አዳመጡ።

አምሳሉ ሁለት ጥበቃ አስከትሎ ሲደርስ የሚረግጥበት ቦታ አጣ። ሴቶቹን እየተሻገረ ገባ።

«ማን ነው ያለቀሰው?»

«ማንም» አለች ሀረገወይን። «ዓይናቸውን እየዞርክ እይ። የእናቴንም እይ።»

ጎንበስ ብሎ የወይዘሮ ወለተሰንበትን ዓይን አየ። ደረቅ ነው። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ፤ ስልሳው ቀዳዳ፣ የተሰካኩት ገመዶች።

«ይሄ ምንድን ነው? ማሰራጫ ነው?»

«ማሰራጫ ቢሆን ናዝሬትም ይሰማ ነበር። ራሴ የሠራሁት ዕቃ ነው፤ እየሞከርኩት ነው። ዕቃ መሞከር የሚከለክል መመሪያ ካለ አምጣና አንብብልኝ።»

አንደኛው ጥበቃ ደብተሩን አንሥቶ ገለጠና «ጓድ፣ የምስጢር ቁጥር ነው» አለ። አምሳሉ ደብተሩን ተቀበለ፤ «የአውቶቡስ በር» የሚለውን አነበበ፤ ገለጠ፤ «ቁራ» የሚለውን አነበበ። ፊቱ ቀላ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከግቢው በር ላይ ሌላ ድምፅ ተሰማ።

«ወለቴ! ማን ነው? ማን ነው የሞተብሽ?»

ወይዘሮ ደሚቱ ናቸው፤ የአምሳሉ እናት። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እንደ ወጉ ገና ከደጅ እየጮኹ ገቡ። አምሳሉ «ፍሰሐ ለሥራ ሩቅ አገር ተልኳል» ብሏቸው ነበር፤ አመኑት አላመኑት እግዜር ይወቅ።

«እማዬ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለ አምሳሉ። «የሞተ ሰው የለም። ማሽን ነው የሚጮኸው።»

ወይዘሮ ደሚቱ ሰሌዳውን አዩ፤ ሴቶቹን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ማሽኑ ታዲያ ለማን ነው የሚያለቅሰው?»

«ለማንም።»

«እነዚህ ሁሉ ሴቶች ለማንም ነው ነጠላቸውን የዘቀዘቁት?» አሉና በምርኩዛቸው እየተረዱ እወይዘሮ ወለተሰንበት እግር ሥር ተቀመጡ። «አባትህ የሞተ ዕለት እነዚህ ናቸው አብረውኝ ያለቀሱት። ማን እንደሞተ ሳትነግረኝ ከዚህ አልነሣም። ከፈለግህ እሰረኝ።»

ጥበቃዎቹ አምሳሉን አዩት። እሱ መሬት አየ። ሀረገወይን እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ትጠብቃለች። አምሳሉ እናቱን ብብታቸውን ይዞ ሊያነሣ ሞከረ፤ ከበዱት። በመጨረሻ በርከክ አለና ሌላ ሰው እንዳይሰማ በጆሯቸው ነገራቸው።

 ወይዘሮ ደሚቱ ሁለቱን እጃቸውን አንሥተው ደረታቸውን መቱ።

«ፍሰሐ! እኔ ልሙትልህ ፍሰሐዬ! ወለቴ፣ ልጄ ነው መርዶውን ያረዳኝ፤ ፍሰሐ ሞቷል አለኝ!»

ስሙ በግቢው መሐል ተጠራ። ስንቅ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ማንም ጮክ ብሎ ያልጠራው ስም ነው። ወይዘሮ ወለተሰንበት ከዱካቸው ላይ ተነሡ። አፋቸው ተከፈተ፤ መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ አንገታቸው ላይ ጅማቱ ተገተረ፤ ቀጥሎ አርባ ቀን ሙሉ ቆሞ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ያ የአልቃሽ ድምፃቸው ነው፤ ሀረገወይን ከልጅነቷ ወዲህ አልሰማችውም። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እንዳለች የራሷን ልጅ ስም ጠራች፤ ከኋላዋ ያለችውም የራሷን ጠራች፤ ግቢው አንድ ላይ ነደደ። ሀረገወይን እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ ገመዱን ነቀለችው፤ ሥራው አልቋል።

አምሳሉ በለቅሶው መሐል ጆሮውን ይዞ እየዞረ ጮኸባት። «አጥፊው! ይሄን ማሽን አጥፊው አልኩሽ!»

ሀረገወይን የተነቀለውን ገመድ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«አጥፍቼዋለሁ» አለችው።